4ኛው መስመር ለምን ወንበር ላይ ይቀራል?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች የበረዶ ሆኪ ሲነሳ «አሰልጣኙ በጨዋታ ደቂቃ አዳላ» ማለት ይቀናል። እስቲ ሒሳቡ ይታይ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። በረዶው ላይ 3 አጥቂና 2 ተከላካይ ስለሚሰለፉ፣ ለ12 አጥቂዎችና ለ6 ተከላካዮች እኩል ቢከፋፈል አጥቂዋ 15፣ ተከላካይዋ 20 ደቂቃ ይደርሳታል። ይህን የሚያፋልሰው ቅጣት ነው። ተጫዋች ለ2 ደቂቃ የምትወጣበት ቅጣት ሲመጣ የሚገቡት የተመረጡት ናቸው፤ 6 ቅጣት ካለ እስከ 12 ደቂቃ ድረስ 4ኛው መስመር (ሦስት ሦስት ሆነው በየተራ ከሚገቡት አጥቂዎች የመጨረሻው ምድብ) ቁጭ ብሎ ያያል።

ዋናው ጣጣ ግን ያለው በ2ኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ቡድኖቹ ጎል ስለሚቀያየሩ የተጠባባቂ ወንበሩ ከራስ ግብ ይርቃል። በ45 ሰከንድ መውጣት የነበረባት ተከላካይ 90 ሰከንድ ትቆያለች፣ እግሯ ይከዳታል። ጨንቋት ፓኩን (የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከራሷ ሜዳ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ከለጋችው ደግሞ «አይሲንግ» ይባልና ቡድኗ ተጫዋች መቀየር ይከለከላል። የደከሙት እዚያው ይቀራሉ!

ዓርብና ቅዳሜ ተከታትሎ ለሚጫወት ቡድን፣ በእኛ እምነት፣ ዓርብ በ1ኛው ክፍለ ጊዜ አራቱንም መስመር ማዟዟር ያዋጣል። ዘገባችሁም ከጎሉ ጎን ተጫዋቿ በአንድ ቅያሪ ስንት ሰከንድ እንደቆየች ቢጠቅስ መልካም ነበር።