እማማን ጠይቂልኝ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ብዙ ጊዜ ሆነው። «ስንት ሰው አመነ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከማንጎው ዛፍ ሥር የምንሰበሰበው ጥቂት ነን። ይህን ብቻ ጽፌ ብልክልሽ ግን ስለዚህ መንደር ምንም እንዳልነገርኩሽ እቆጥረዋለሁ።

ያለነው በሰሜን ጋና፣ ከሳቦባ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። የኦቲን ወንዝ ከተሻገርሽ ቶጎ ነው። ሕዝቡ ኮንኮምባ ይባላል፤ እኛ ቦዬ የምንለውን ያምን በማምረት የታወቀ ነው። አክራ ከተማ ውስጥ እንኳ በስማቸው የሚጠራ የያም ገበያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር በተነሣው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ያን ጊዜ የሚያስታውሱ አዛውንቶች እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማን ወገን እንደሆነ ያጣራሉ። እኛ ከየትኛውም ወገን ስላልሆንን ደጃፋቸው ቶሎ ተከፈተልን።

ቀኑ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ከውሃው ፓምፕ ዘንድ ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ደርድረው ወረፋ ይይዛሉ፤ እኔም አብሬያቸው እሰለፋለሁ። የማን ልጅ ወባ እንደያዘው፣ የማን ጎተራ እንደተራቆተ፣ የማን ባል ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ እንደወረደ የምሰማው እዚያ ነው። ስለ ቤት፣ ስለ ልጆችና ስለ እርሻ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው፤ በዚህስ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሃርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከሰሐራ እየመጣ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ማታ ማታ ባለቤቴ ለአዋቂዎች ንባብ ያስተምራል። መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው ተተርጉሟል፤ ዕድሜ ልኩን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በራሱ ቋንቋ አንድ መስመር አንብቦ ቀና ሲል ፊቱን ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር። ገበያው በየስድስት ቀኑ ስለሚውል እየዞረ እሁድ ላይ ይወድቃል። ያን ዕለት ከሽማግሌና ከሕፃን በቀር የሚቀር ስለሌለ ጉባኤውን በማለዳ እናደርጋለን።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ፒቶ የሚባል መጠጥ አላቸው። ማሽላውን ነክረው ያበቅላሉ፤ አድርቀው ይፈጩታል፤ በትልልቅ ድስት ለረጅም ሰዓት ያፈሉታል፤ ሲብላላም በቅል ይቀዳል። ጌሾ የለውም እንጂ ብቅሉ ሲሸተኝ ዓይኔን ብጨፍን የእናንተ ግቢ ነው። የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው፤ ገንዘቡም የእነርሱ ነው። የያሙ ገንዘብ በባል እጅ ሲሆን የፒቶው ሳንቲም ለደብተር፣ ለወባ መድኃኒትና ለሳሙና ይውላል። ደቦም ያለ ፒቶ አይሆንም፤ የሚጠጣ ያላቀረበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የያም መደቡን የሚቆፍርለት አያገኝም።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ጌታን ተቀበለች። ልጆቿን የምታሳድገው ፒቶ ሸጣ ነው። ለመጠመቅ ስትጠይቅ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች «ፒቶውን ካልተውሽ አይሆንም» አሏት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ስካር በየቤታቸው ያደረሰውን አይተዋል፤ ከመካከላቸው አባቱን በመጠጥ ያጣ አለ። እርሷ ግን «ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ። እኔ ያንን ዝምታ ልቀበለው አልቻልኩም። አንዲት እናት የእንጀራ ገመዷን እንድትበጥስ የጠየቀ ጉባኤ መጀመሪያ የልጆቿን እራት ሊያስብ ይገባዋል፤ ይህንንም ፊት ለፊት ተናግሬአለሁ። ባለቤቴ በሐሳብ አይለየኝም፤ ውሳኔው ከእነርሱ እንዲመጣ ግን ታገሺ ይለኛል።

«የሺአ ቅቤ ትሥራ» ያሉም አሉ፤ ሺአ እዚህ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ቅቤው የሚወጣው ከፍሬው ነው። የሺአ ፍሬ የሚለቀመው በክረምት ነው፤ ሴቶቹ እባብ እየፈሩ በጨለማ ወጥተው ይለቅማሉ፤ ነጋዴውም ሁሉም በተቸገረበት ወቅት በርካሽ ይገዛል። ያ ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ፒቶው ግን በየገበያው ቀን ነው። የለውዝ ዘይት መጭመቅም ታስቧል፤ ለመነሻ የሚሆን ለውዝ ግን ያስፈልጋታል። ሽማግሌዎቹ ከመከር በኋላ እንደገና ሊነጋገሩ ቀጠሮ ይዘዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ እማማን ጠይቂልኝ። ጠላ ሸጠው እናንተን እንዳሳደጉ፣ ጌታን ባመኑ ጊዜም ጋናቸውን እንደገለበጡ በምስክርነታቸው ስንሰማ ነው ያደግነው። ከጋኑ መገልበጥ በኋላ ያለው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዱቄት ያበደራቸው ማን ነበር? በጠላው ፋንታ ምን ሸጡ? ጎረቤት፣ ዕድርተኛው ምን አለ? ጨንቋቸው ወደ ጠላው የተመለሱበት ጊዜ ነበር? ከነበረም እንዳይደብቁኝ ንገሪልኝ፤ ይበልጥ የሚጠቅመኝ እርሱ ነው።

በጽሑፍ ከምትልኪልኝ በስልክ ድምፃቸውን ብትቀርጪልኝ እመርጣለሁ። ኔትወርክ የማገኘው ሳቦባ ስወርድ ስለሆነ በአንድ ቀን ካልመለስኩልሽ አትስጊ። ድምፃቸውን ለሽማግሌዎቹ አስተርጉሜ አሰማቸዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች እናት ስትናገር ይሰማሉ ብዬ አምናለሁ። ለዚያችም እናት ለብቻዋ አሰማታለሁ።

ከመከሩ በፊት እንዲደርሰኝ አደራ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም ሳሚልኝ። በጸሎትሽ አትርሺን።

ዘወትር የምታስብሽ እህትሽ