ልወዳደር ነው ላልሺኝ ልጄ

የኔ ልጅ፣

ባለፈው ስትደውዪ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው ብትዪኝ ዝም አልኩሽ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኛ "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" እየተባልን ነው ያደግነው። ሕግ ስትማሪ ደስ ያለኝም ከዚያ የሚያርቅሽ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሰው ሳነብ ከረምኩ። ፖል ኦድዋየር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1907 አየርላንድ ውስጥ፣ ሜዮ በሚባል ግዛት፣ ቦሆላ በምትባል መንደር ተወለደ። ከ11 ልጆች የመጨረሻው ነው። በ1925 ኒውዮርክ ሲገባ ገና ልጅ እግር ነበር። ወደብ ላይ ጉልበት ሥራ እየሠራ ሕግ ተማረ። ካፌ ስትሠሪ ውለሽ መጽሐፍሽ ላይ ተኝተሽ የማገኝሽን ጊዜ አስታወሰኝ።

ታላቅ ወንድሙ ዊሊያምም ከቀን ሠራተኝነት ፖሊስ፣ ከፖሊስነት ጠበቃ ሆኖ፣ በ1945 የኒውዮርክ ከንቲባ ተብሎ ተመረጠ። በ1950 ፖሊሶቹ ከቁማርተኞች ጉቦ ሲበሉ መኖራቸው ሲጋለጥ፣ በዚያው ግርግር ሥልጣኑን ለቀቀ። ልቤን የያዘው ግን ታናሹ ነው።

ማንሃተን ውስጥ ስታይቨሰንት ታውን የሚባል ትልቅ የመኖሪያ ሰፈር አለ። ያን ጊዜ ባለቤቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለጥቁር አላከራይም ይል ነበር። ነጮቹ ተከራዮች ይህ ነውር ነው ብለው ተነሱ። ኩባንያው እነሱኑ ከቤታቸው ሊያስወጣ ሲነሳ ጠበቃ ሆኖ የቆመላቸው ፖል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኔና እናትሽ እዚህ አገር እንደገባን በስልክ "ቤቱ አለ" ተብለን፣ ስንደርስ "ተከራይቷል" የተባልንበት ቀን ትዝ አለኝ። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።

በ1948 ለኮንግረስ ተወዳድሮ በጄከብ ጃቪትስ ተሸነፈ። በ1968 ለሴኔት ቀርቦ በዚያው ሰው ተሸነፈ። በመሀሉም ሌላ ሽንፈት አለ። የከተማው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ 66 ዓመቱ ነበር፤ በ1977 ያንንም አጣ። ጥብቅናውን ግን አልተወም። ጭንቀቴ ቀለል ያለኝ ይህን ሳነብ ነው። አንቺም ብትሸነፊ የምትመለሺበት ሙያ አለሽ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ። ፖስተሩ ላይ ስምሽን አሳጥሪው ብለውኛል ያልሺኝ። አታሳጥሪው። የአባቴ ስም ነው።

የፊርማ ማሰባሰቢያውን ወረቀት ላኪልኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ዜግነት ያላቸውን ሁሉ እየዞርኩ አስፈርማቸዋለሁ።

አባትሽ