ስለ ዳክዬ ላባ፣ ለደብረ ዘይቱ ወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ፤ ናፍቆትህ ግን አልቀለለኝም። ታናሽ እህትህ ደውላ ዳክዬ ማርባት መጀመርህን፣ ለቻይና ምግብ ቤቶች ለማቅረብም የላባ መንጫ ማሽን ልትገዛ መሆኑን ስትነግረኝ ብዕሬን ሳላነሣ ማደር አልቻልኩም። እኔም እዚህ ፔንስልቬንያ በአንዲት አነስተኛ የዶሮና የዳክዬ ቄራ የምሠራው ይህንኑ ነውና።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ስማኝ፤ ማሽኑ የሚነጨው አስቀድመህ የነከርክበት ሙቅ ውሃ ያላላውን ላባ ብቻ ነው። የማሽኑ በርሜል ዙሪያውን የጎማ ጣቶች ተሰክተውበታል፤ ወለሉ ሲሽከረከር ጣቶቹ የምትንከባለለውን ወፍ ላባ ይመነጭቃሉ። ዶሮ በግማሽ ደቂቃ ጥርት ብላ ትወጣለች። ዳክዬ ግን ጭራዋ ሥር ካለው እጢ ቅባት እየወሰደች ላባዋን ስለምትቀባ ውሃ በቀላሉ አያርሳትም። ነክረህ ብታወጣት እንኳ ከሥር ያለው ስስ ላባ ደረቅ ሆኖ ታገኘዋለህ።

እኛ ውሃው ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንጨምራለን። ሙቀቱን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ አድርገን፣ እግሯን ይዘን ከፍ ዝቅ እያደረግን ሁለት ሦስት ደቂቃ እናቆያታለን። ከዚያ የደረቷን ላባ በጣትህ ገለጥ አድርገህ እስከ ቆዳዋ መራሱን እይ። የክንፏን ትልቅ ላባ ሳብ ስታደርገው ያለ ትግል ከወጣ፣ ያኔ ወደ በርሜሉ ክተታት። እንደ ቤት ዶሮ የፈላ ውሃ እንዳታፈስባት አደራ! ቆዳዋ ይበስልና ማሽኑ ይቀደዋል። ቻይናዎቹ የፔኪን ዳክዬ ሲጠብሱ አስቀድመው በቆዳውና በሥጋው መካከል አየር ይነፉበታል፤ የተቀደደውን ምን ያደርጉታል?

ከሁሉ የሚበልጠው ዕድሜዋ ነው። ፔኪን የምትባለው ነጭ የዳክዬ ዝርያ በሰባት ሳምንቷ ገደማ ላባዋ ይሞላል። ያቺ ሳምንት ካመለጠችህ ላባ መቀየር ትጀምራለች፤ ከቆዳዋ ብቅ ብቅ የሚሉትን ያልደረሱ ላባዎች ደግሞ የትኛውም ማሽን አይጨብጣቸውም። እንግዲህ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መታገሥ ነው።

ለቀረው ርዝራዥ ሰም አለልህ። ለምግብ ሥራ የተፈቀደ ሰም አቅልጠን የተነጨችውን ዳክዬ እንነክርና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንከታታለን። ሰሙ ሲጠነክር በእጅ ይላጣል፤ እነዚያን ጥቃቅን ላባዎች ከነሥራቸው ነቅሎ፣ ቆዳዋን እንደ እንቁላል አለስልሶ ይተወዋል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሰሙ ሲጣራ ደግሞ ተመልሶ ይሠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትርና መንከሪያ የሚሆን ሰፊ በርሜል ግዛ፤ ጥቂቶቹን በእጅህ እየነጨህ ውሃውን ልመደው። ማሽኑን ስትመርጥም ለስለስ ያለ የጎማ ጣት ያለውን ይሁን፤ ጠንካራው ክንፍ ይሰብራል። ዳክዬዎችህ መቼ እንደተፈለፈሉ ጻፍልኝና የማረጃውን ሳምንት አብረን እናሰላለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ