ነገሩ ያለቀው በፕራይመሪው ነበር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ ስለ አሜሪካ ምርጫ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩት። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ወኪል መራጮች ከሆኑ፣ ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች በፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) በየስማቸው ይምረጣቸው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ኅሊናቸው ድምፅ ይስጡ ይላሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያው አስብ ነበር። ግን ይህ ነገር አላባማ ውስጥ ተሞክሯል። የሆነውን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፕሬዚዳንት ድምፅ የሰጠሁ ቀን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከዕጩዎቹ ስም ጋር «የእገሌ ወኪል መራጮች» የምትል ነገር አለች። ብዙ ሰው አያያትም። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኳት። ለካ የምመርጠው ሰውየውን አይደለም። የምመርጠው 13 የማላውቃቸው ሰዎችን ነው። ዲሴምበር ላይ በክፍለ ግዛታችን ዋና ከተማ በሪችመንድ ተሰብስበው ትክክለኛውን ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስማቸው ወረቀቱ ላይ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ወኪል መራጮች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ወደ አላባማ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለጥቁሮች መብት የሚሆን ሕግ ለኮንግረስ ሲያቀርቡ የደቡብ ዴሞክራቶች ተቆጡ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በተደረገው የአላባማ ዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ለትሩማን ድምፅ አንሰጥም ያሉ ሰዎች ወኪል መራጭ ሆነው አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ሕዝቡ ሲወጣ የትሩማን ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሰውየው እኮ በሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ነበሩ! የአላባማ ዴሞክራቶች ምልክት አውራ ዶሮ ሲሆን «የነጭ የበላይነት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ያ ጽሑፍ እስከ 1966 ከፓርቲው ምልክት ላይ አልተነሣም። በዶሮው ሥር የተሰጠው ድምፅ ሁሉ የተቆጡት የደቡብ ዴሞክራቶች በትሩማን ላይ ላቀረቡት ዕጩ ለስትሮም ተርመንድ ሆነ፤ ከመቶው 80 ገደማ። ትሩማንን የሚፈልግ የአላባማ ዴሞክራት ምን ያድርግ? ነገሩ ያለቀው ሜይ ላይ ነበር።

በ1952 ደግሞ ኤድመንድ ብሌር የሚባል ሰው በዚሁ ፕራይመሪ ወኪል መራጭ ለመሆን ቀረበ። ፓርቲው «ብሔራዊ ጉባኤው የሚያቀርበውን ዕጩ እደግፋለሁ» ብለህ ፈርም አለው። አልፈርምም አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና 5 ለ2 በሆነ ድምፅ ለፓርቲው ተፈረደ። ፓርቲው ቃል ማስገባት ይችላል ተባለ። ያ ያስደስታል። ግን ፍርዱ «ይችላል» እንጂ «ግዴታው ነው» አላለም። ፓርቲውን የያዙት ሰዎች ቃሉን ካልፈለጉት ዋጋ የለውም።

ይህም በ1960 ታየ። አላባማ 11 ወኪል መራጭ ነበራት። በፕራይመሪው ለብሔራዊ ፓርቲው ዕጩ (በኋላ ኬኔዲ ሆኑ) ታማኝ የሆኑ 5፣ ለማንም ቃል ያልገቡ 6 ሰዎች አለፉ። አንባቢያችሁ የሚመኙት ማለት ይሄ ነው፤ በስም የተመረጡ፣ እጃቸው ያልታሰረ ሰዎች። ኖቬምበር ላይ 11ዱም አሸነፉ። ኬኔዲን ብሎ የፓርቲውን ዝርዝር በሙሉ የመረጠ ሰው፣ ሳይወድ ስድስቱንም አብሮ መረጠ። ስድስቱ ድምፃቸውን ለማን ሰጡ? ለሃሪ ቤርድ። ቤርድ ለፕሬዚዳንትነት አልተወዳደሩም። የኛው የቨርጂኒያ ሴናተር ነበሩ፤ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የተደረገውን ዘመቻ የመሩ ሰው። ከሚሲሲፒ 8፣ ከኦክላሆማ 1 ተጨምሮላቸው 15 ድምፅ አገኙ። እስከ ዛሬ ድረስ የታሪክ ሰዎች የዚያን ዓመት የአላባማ ድምፅ ለኬኔዲ ስንቱን እንቁጠርለት እያሉ ይከራከራሉ።

በ1964 ተደገመ። አሁንም በፕራይመሪው ቃል ያልገቡት አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ የፕሬዚዳንት ጆንሰን ስም አላባማ ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እነዚህን ፕራይመሪዎች የወሰነው ማን ነው? ያን ጊዜ አብዛኛው የአላባማ ጥቁር መምረጥ ቀርቶ መመዝገብ አይችልም ነበር። ፈተና አለ፣ የምርጫ ግብር አለ፣ ማስፈራሪያ አለ። የድምፅ መብት ሕጉ የወጣው በ1965 ነው። ፕራይመሪው በር ላይ ሰዎች ስለተከለከሉ፣ ውስጥ የገቡት የፈለጉትን አደረጉ። ኅሊና የሚባለውም የእነሱ ኅሊና ነበር።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍለ ግዛቶች ቃሉን ያፈረሰ ወኪል መራጭን መቅጣት ይችላሉ ብሏል። ለኔ ይህ ትክክል ነው። ድምፄን አደራ ብዬ የላክሁት ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን እንዲለውጥ አልፈልግም።

የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ማንም ሳይከለክለን ከፕራይመሪው የምንቀረው እኛ ነን። ባለፈው ፕራይመሪ ሥራ ከመግባቴ በፊት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። የትምህርት ቤት ጂም ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሴትዮ መታወቂያዬን አይተው የትኛውን ወረቀት ልስጥዎ አሉኝ። ቨርጂኒያ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ትወስዳለህ። ከኔ ሌላ የነበሩት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ኖቬምበር ላይ እዚያው ጂም ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርሳል፤ ከፊትም ከኋላም አማርኛ ይሰማል። የዚያን ቀን ግን የሀገሬ ሰው አንድም አላየሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ብጠይቃቸው «እሱ የነሱ ነው፤ ዋናው ሲመጣ እንመርጣለን» አሉኝ። ዋናው ላይ እኮ የሚመረጠው ከቀረበው ነው። የሚቀርበውን የወሰኑት እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሜሪላንድ ያሉት ወንድሞቻችን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። እዚያ በፕራይመሪ የዴሞክራት ወይም የሪፐብሊካን ዕጩ ለመምረጥ አስቀድሞ በዚያ ፓርቲ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ ሄዶ የፕሬዚዳንት ዕጩ የሌለበት ወረቀት የተሰጠው ጓደኛ አለኝ። «ተሳስታችኋል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። አልተሳሳቱም።

ስለዚህ እርስዎን አንድ ነገር ልለምን። የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲቀርብ የሚያዝዘው የፌዴራል ሕግ አማርኛን አይጨምርም። ዋሽንግተን ዲሲ በራሷ ሕግ አማርኛን አካትታለች፤ ብዙ ቦታ ግን ይህ የለም። ከሚቀጥለው ፕራይመሪ አንድ ወር በፊት የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን የመመዝገቢያ ቀን በአማርኛ አውጡልን። በፓርቲ መመዝገብ የት እንደሚያስፈልግ፣ የት እንደማያስፈልግ ጻፉልን። ፓርቲዎቹ ወኪል መራጮቻቸውን ሲሰይሙም ስማቸውን ዘርዝሩልን። የእኔን 13 ሰዎች ስም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ