ጂፒኤሳችሁ ሳተላይት አልይዝ ሲላችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ የመስክ ሥራ ሲጀመር የሱቃችን ስልክ አያርፍም። ስለ ጂፒኤሱ፣ ማለትም ያላችሁበትን ቦታ ከሳተላይት ስለሚያሰላው የእጅ መሣሪያ፣ አብዛኛው ደዋይ የሚለን አንድ ነው፦ «ዕቃው ሳይበላሽ አይቀርም፤ ሳተላይት አልይዝ አለ።» ከክፍለ ሀገር ድረስ መልሳችሁ የምትልኩም አላችሁ። እኛ ግቢ አውጥተን ስናስቀምጠው ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ጥገና ይሠራል። ለመላኪያ ያወጣችሁት ገንዘብና የባከነው የሥራ ቀን ስለሚቆጨን ይህን ጻፍንላችሁ።

«ስልኬ ወዲያው ያገኛል፤ ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ትሉናላችሁ። ስልክ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከኔትወርክ ይነገረዋል። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ግን ሲም ካርድም ዳታም የለውም። ሁሉን የሚሰማው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ነው። እነሱ ደግሞ መረጃ የሚልኩት በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ነው። አንድ ሳተላይት የሚዞርበትን መንገድ የሚገልጸውን መረጃ በየ30 ሴኮንዱ ደግሞ ይልካል። የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ ሰሌዳ ልኮ ለመጨረስ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ወራት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ መሣሪያ መጀመሪያ የሚፈልገው በድሮ ቦታውና ሰዓቱ የሚያውቃቸውን ሳተላይቶች ነው። እስኪያስተካክል ጊዜ ስጡት።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱት ሜዳ ላይ አውጡት። የቆርቆሮ በረንዳ ሥር፣ መኪና ውስጥ ወይም ፎቅ ሥር አይሆንም። አንቴናው ወደ ሰማይ ይዙር፤ 20 ደቂቃ ሳትነኩት ይቀመጥ።

የሳተላይቱን ገጽ ክፈቱና የየሳተላይቱን ሲግናል የሚያሳዩትን ዘንጎች ተመልከቱ። በብዙዎቹ ሞዴሎች መጀመሪያ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ ብቅ ይላል። ይህ ማለት ሲግናሉን ሰምቷል፣ የሳተላይቱን መንገድ ግን ገና ተቀብሎ አልጨረሰም ማለት ነው። ሲጨርስ ዘንጉ ይሞላል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ዘንግ አየሁ ብሎ ዛፍ ሥር ይገባል፤ ሲግናሉ ይቆረጣል፤ መሣሪያው ያንኑ መልእክት እንደገና መጠበቅ ይጀምራል። ቢያንስ አራት ዘንግ እስኪሞላ አትንቀሳቀሱ። ሦስቱ ለቦታው ናቸው፤ አራተኛው የመሣሪያውን ሰዓት ስህተት ለማረም ያስፈልጋል።

ምሽት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የላይኛው አየር ሲግናሉን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ዋና ፖይንት (የምትለኩትን ነጥብ) በቀን ያዙ።

ሴቲንጉንም እዩልን። ሱቅ ውስጥ ለማሳየት ዴሞ ሞድ ላይ የተደረገ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ቢቆም ሳተላይት አይፈልግም። ኮርዲኔታችሁን (ቦታውን የሚገልጹትን ቁጥሮች) ከድሮ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ካርታ ጋር የምታመሳክሩ ከሆነ ዳተሙ (ኮርዲኔቱ የሚለካበት መነሻ) እነዚያ ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳን መሆኑን አረጋግጡ። ጂፒኤስ ራሱ ከሚጠቀምበት ዳተም፣ ከደብሊው ጂ ኤስ 84፣ ጋር ከተቀላቀለ ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ ይህ የሰው ድንበር ሊያዛባ ይችላል። የዩቲኤም ዞን (ኮርዲኔቱ የሚቆጠርበት የካርታ ቀጠና) አዲስ አበባ 37 ነው፤ ጋምቤላ 36፣ ጅጅጋ 38።

በጣም የቆየ መሣሪያ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ካሳየ ጂፒኤስ ቀኑን የሚያሰላበት የሳምንት መቁጠሪያ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ዜሮ ስለተመለሰ ይሆናል። አንዳንዱ በሶፍትዌር ማሻሻያ ይስተካከላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በጠራ ሰማይ ሥር አንድም ዘንግ ካልመጣ፣ ያኔ አንቴናው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከመላካችሁ በፊት የሳተላይቱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከሞዴሉ ስም ጋር በቴሌግራም ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽያጭና የጥገና ክፍል