«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ ሙቀቱ ስለሚበረታ፣ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ያለው ሰው ሁሉ ጠጋኝ ፍለጋ የሚሯሯጠው በዚሁ ወቅት ነው። የሚመጣው ጠጋኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ገና ሳይከፍት «ጋዙ አልቋል» ይላል። እኔም ሁለት ዓመት በተከታታይ ጋዝ አስሞልቻለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ባለሙያ የመዳብ ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚያፈስበትን ቦታ ባያሳየኝ ኖሮ ዛሬም እየከፈልኩ በኖርኩ ነበር። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚዘዋወር እንጂ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን እንደገና መሙላት ገንዘብን አየር ላይ መበተን ነው።

ከዚያም በፊት ባለቤቱ ራሱ ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ። በከተማችን አቧራ ምክንያት የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ አየር እንደልብ ስለማያልፍም የውስጠኛው ቱቦ በረዶ ይጋግርና ቅዝቃዜው ይጠፋል። (በረዶውን አይቶ «እንዲያውም በደንብ እየሠራ ነው» ያለኝ ጎረቤት አለኝ።) መሣሪያውን አጥፍቶ በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ፣ ማጣሪያውንም አጥቦ በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውኃ ወደ ክፍሉ የሚንጠባጠብ ከሆነ በአብዛኛው የተዘጋው የፍሳሽ ቱቦው ነው። የመብራት ኃይል ሲወርድ ግን ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ሞተር) ለመነሳት ሲታገል ከተሰማ ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል።

ጠጋኞች ጋዝ ሲሞሉ የሚያፈሰውን ቦታና የደፈኑበትን መንገድ በደረሰኝ ላይ እንዲጽፉ የሚመለከተው አካል ቢያስገድድልን እንጠይቃለን።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ