ዩኩሌሌ ልትገዙ ላሰባችሁ
ሰላም አዘጋጅ፣ ለጀማሪ ስለሚሆኑ የሙዚቃ መሳሪያዎች ባወጣችሁት ላይ ስለ ዩኩሌሌ፣ ጊታር ስለሚመስለው ባለ አራት ክር ትንሽ መሳሪያ፣ ትንሽ ልጨምር ብዬ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቀለሙ አምሮኝ ነበር፣ ለካ የልጅ መጫወቻ ነው፣ መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሳልመታ ቅኝቱ ጠፍቷል። ገንዘብ ካነሰ ሙሉ እንጨት ምናምን የሚለውን ተዉት፣ ላሚኔት (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ) ይበቃል፣ እንደውም ድርቀትና እርጥበት ይችላል። ዋናው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ካሉት ቀጫጭን ዘንጎች አንዱ) ላይ ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቀ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፣ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ፣ ከዛ በጣም ካለፈ ጣት ያሳምማል ድምፁም ይዛባል። ጣቱ ወፈር ያለ ሰው አነስ ካለው ሶፕራኖ መጠን ይልቅ ከፍ የሚለውን ኮንሰርት ቢይዝ ይሻለዋል። አዲስ ናይለን ክር ደግሞ እስኪለጠጥ ለጥቂት ቀን ቶሎ ቶሎ ከቅኝት ይወጣል፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት።